የመጀመሪያው የሊኑክስ ጭነት በሐረር፦ ከመጫኑ በፊትና በኋላ ስላሉት አደጋዎች

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የቆየውን መደበኛ የደኅንነት ጥገና ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አቋርጧል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጋገሩ የኖሩ አሮጌ ላፕቶፖች ይህን መስፈርት ብዙውን ጊዜ አያሟሉም። ባለቤቶቻቸው አዲስ መግዛት፣ ጥገና በማያገኝ ስርዓት መቀጠል፣ ወይም እንደ ኡቡንቱ፣ ሊኑክስ ሚንትና ዴቢያን ያሉ ክፍት ምንጭ ስርዓተ ክወናዎችን መጫን ይቀራቸዋል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሦስተኛውን መንገድ ነው፤ የሚመለከተውም ከዚህ በፊት ምንም ዓይነት ስርዓተ ክወና ጭኖ በማያውቅ የሐረር ተጠቃሚ ዓይን ነው።

ነገሩን ለማጥራት አንድ ምሳሌ ይወሰድ። በጀጎል ውስጥ በአንድ ቤተሰብ እጅ የሚገኙ የእጅ ጽሑፎችን ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ከሽማግሌዎች ጋር ያደረገውን ቃለ መጠይቅ በድምፅ ቀድቶ፣ የማስተርስ ማሟያውን በአማርኛ የሚጽፍ አንድ ተማሪ አለ እንበል። ያለው ላፕቶፕ አንድ ነው፤ ሥራውም በሙሉ ያለው በዚያ ነው። እንዲህ ላለው ሰው የተዘጋጁት የተለመዱ መመሪያዎች አብዛኛውን ገጻቸውን የሚሰጡት የመጫኛው ፕሮግራም በስክሪን ላይ ለሚታይባት አንድ ሰዓት እንኳ ለማትሞላ ጊዜ ነው። እርሷ ግን ከሥራው ሁሉ ቀላሏ ናት። ሰነድ የሚጠፋው ከእርሷ በፊት በተዘለለ ዝግጅት ነው፤ ጀማሪው ተስፋ ቆርጦ ወደ ቀድሞው የሚመለሰው ደግሞ ከእርሷ በኋላ፣ በራሱ ቋንቋ መጻፍ ሲያቅተው ነው።

የመጫኛው ፋይል እስኪደርስ

ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 የግኑን ፕሮጀክት ሲያስታውቅ፣ ሊነስ ቶርቫልድስም በ1991 የሊኑክስን ከርነል ለሕዝብ ሲለቅ፣ ፕሮግራሙ በነጻነት የሚገለበጥ መሆኑ የሐሳቡ እምብርት ነበር። መገልበጥ መፈቀዱ ግን ቅጂው ተጠቃሚው ደጃፍ ይደርሳል ማለት አይደለም። በጥቅምት ወር 2004 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያ እትሙን ያወጣው ኡቡንቱ ይህን ቀድሞ ተረድቶ ነበር፤ ሺፕኢት በተባለው አገልግሎቱ እስከ 2011 ድረስ ለጠየቀ ሁሉ ሲዲ በፖስታ ያለ ክፍያ ይልክ ነበር። በዚያ ዘመን ስርዓቱ በሙሉ 700 ሜጋባይት በምትይዝ አንዲት ሲዲ ይጠቃለል ነበርና የፖስታ ሣጥን ቁጥር ያለው ሰው ኢንተርኔት ባይኖረውም ሊጭነው ይችል ነበር።

ዛሬ ሲዲው የለም፤ ፋይሉ ግን አድጓል። የኡቡንቱ 24.04 የዴስክቶፕ መጫኛ ወደ 6 ጊጋባይት ይጠጋል። በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሆነ የማይቆራረጥ መስመር ይህን ለማውረድ ወደ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል፤ መስመሩ መሐል ላይ ከተቋረጠና አውራጁ ፕሮግራም ከቆመበት መቀጠል ካልቻለ ሁሉም እንደገና ይጀመራል። ዴቢያን አነስተኛ የመጫኛ ፋይል አለው፤ ነገር ግን የቀረውን በመጫን ላይ እያለ ከኢንተርኔት ስለሚያመጣ ወጪውን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ስለዚህ ፋይሉ በተግባር የሚዛመተው በፍላሽ፣ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ ነው።

ይህ ልማድ የሚነቀፍ አይደለም፤ ፈቃዱም ይፈቅደዋል። ይሁን እንጂ ከእጅ ወደ እጅ ያለፈ ቅጂ ከምንጩ ጋር መመሳከር ይኖርበታል። አዘጋጆቹ ለእያንዳንዱ ፋይል ሻ256 በተባለ ስሌት የተገኘ 64 ምልክት ያለው መለያ በድረ ገጻቸው ያወጣሉ። ተቀባዩ በእጁ ያለውን ፋይል በዚያው ስሌት አሳልፎ ሁለቱን መለያዎች ያነጻጽራል፤ አንድ ምልክት እንኳ ከተለየ ፋይሉ ተጎድቷል ወይም ተነካክቷል። ሐሳቡ ለሐረር እንግዳ አይደለም። በእስላማዊው የመጻሕፍት ግልበጣ ትውፊት ሙቃበላ የሚባለው፣ የተገለበጠውን ከምንጩ ጋር አቀራርቦ የማንበብ ሥራ የሚፈጽመው ተመሳሳይ ተግባር ነው። ልዩነቱ መለያው ስሕተት መኖሩን ብቻ ይናገራል፤ የት እንዳለ አያሳይም።

በፍላሹ ረገድ ሁለት ነገሮች ጀማሪን ያደናግራሉ። አንደኛ፣ በፋት32 የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ባዶ ቦታ እያለው «ቦታ የለም» የሚል የሚመስል መልእክት ያወጣል። ሁለተኛ፣ ፋይሉን ፍላሽ ላይ መገልበጥና ፍላሹን የመጫኛ ፍላሽ ማድረግ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ለሁለተኛው ሩፉስ ወይም ባሌና ኤቸር የመሰለ ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ ይህም በፍላሹ ላይ የነበረውን ሁሉ ያጠፋል። የምሳሌው ተማሪ የቃለ መጠይቅ ድምፆቹን መጠባበቂያ ያስቀመጠው በዚያው ፍላሽ ከሆነ፣ ላፕቶፑ ገና ሳይነካ ግማሽ ሥራው ሄዷል።

የአሮጌ ፊደል ሰነዶች

ከሁሉም ይልቅ በኢትዮጵያ ሁኔታ ላይ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው፣ በውጭ አገር ተጠቃሚዎች መመሪያዎች ውስጥም የማይገኘው ጉዳይ የፊደል ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ መስፈርት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ልማዱ ስለቀጠለም ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ የአማርኛ ጽሑፍ ይተየብ የነበረው ለእንግሊዝኛ ፊደላት በተመደቡ ቁጥሮች ላይ የግዕዝ ቅርጽ በሚያስቀምጡ ፎንቶች ነበር። ከፓወር ግዕዝና ከቪዥዋል ግዕዝ ጋር የመጡት የቀድሞ ፎንቶች የዚህ ዓይነት ናቸው። በአንድ ባይት የሚወከሉት ምልክቶች ከ256 አይበልጡም፤ ከነዚህም ውስጥ በርካታዎቹ ለመቆጣጠሪያ የተያዙ ናቸው። መሠረታዊዎቹ ፊደላት 33 ቢባሉ በሰባት ተባዝተው 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ የግዕዝ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲጨመሩ ከቦታው ይተርፋሉ። ስለዚህ ፊደሉ በሁለትና በሦስት ፎንቶች ይከፈል ወይም ቅርጾቹ ከቁርጥራጭ ይገጣጠሙ ነበር።

የዚህ ውጤት ሊኑክስ በተጫነበት ዕለት ይገለጣል። ተማሪው ከዓመታት በፊት የተየበውን ሰነድ በሊብረ ኦፊስ ይከፍታል፤ የሚያየው የላቲን ፊደላት፣ የቅንፍና የነጥብ ትርምስ ነው። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ትርጉም ይሰጠው የነበረው ፎንት ነው የጠፋው። ዊንዶውሱ ግን ከነፎንቱና ከነመተየቢያው ተደምስሷል። ጀማሪዎች በዚህ ጊዜ «ሊኑክስ አማርኛ አይችልም» ብለው ይደመድማሉ። ድምዳሜው ስሕተት ነው፤ ሊኑክስ የዩኒኮድ አማርኛን ያለ ምንም ተጨማሪ ሥራ ያነባል። ያልቻለው አማርኛ ያልሆነውን፣ አማርኛ ይመስል የነበረውን ጽሑፍ ነው።

መለያው ፈተና ቀላል ነው። ዊንዶውሱ ገና ሳይነካ ሰነዱ ይከፈትና ጽሑፉ በሙሉ ተመርጦ ፎንቱ ወደ ታይምስ ኒው ሮማን ይለወጣል። ፊደሉ ግዕዝ ሆኖ ከቆየ ሰነዱ በዩኒኮድ ነው፤ ወደ ላቲን ትርምስ ከተለወጠ በአሮጌው ዘዴ የተተየበ ነውና እዚያው ዊንዶውስ ላይ እያለ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት። ፎንቱን ብቻ ወደ ሊኑክስ መገልበጥ ለንባብ ያህል ይረዳ ይሆናል፤ ቃል መፈለግ፣ በፊደል ተራ መደርደርና ጽሑፉን ወደ ሌላ ፕሮግራም መውሰድ ግን አይቻልም። ለታሪክና ለቋንቋ ተመራማሪ ደግሞ ቃል የማይፈለግበት ሰነድ ከወረቀት አይሻልም።

ቀለል ያለ ሁለተኛ መልክም አለ። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ከማይክሮሶፍት ጋር የመጣው ኒያላ የዩኒኮድ ፎንት ነው፤ ሆኖም ከሊኑክስ ጋር አይታደልም። በኒያላ የተጻፈ ማሟያ ሊኑክስ ላይ ሲከፈት በሌላ ፎንት ይተካል፤ የፊደላቱ ስፋት ስለሚለያይ መስመሮች ይገፋሉ፣ ሠንጠረዦች ወደ ቀጣይ ገጽ ይወርዳሉ፣ ማውጫው ከገጽ ቁጥሩ ጋር አይገጥምም። መፍትሔው አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል. የመሰለ በሁለቱም ስርዓቶች በነጻ የሚገኝ ፎንት አስቀድሞ መምረጥ ነው፤ ለአማካሪ የሚላከውንም በፒዲኤፍ ማድረግ።

ዲስኩ ላይ

እዚህ ላይ የሚባለው አጭር ነው፤ መመሪያዎች በደንብ ሸፍነውታልና። የኡቡንቱ መጫኛ ሁለት ዋና ምርጫዎችን ያቀርባል፦ ከዊንዶውስ ጎን መጫን ወይም ዲስኩን በሙሉ አጥፍቶ መጫን። ሁለተኛው ዲስክ ያለውን ማንኛውንም ሰነድ አያስተርፍም። የመጀመሪያው ደግሞ የዊንዶውስን ክፋይ ማጥበብ ይጠይቃል፤ ይህን በራሱ በዊንዶውስ የዲስክ ማስተዳደሪያ አስቀድሞ መፈጸም የተሻለ ነው። ዲስኩ በቢትሎከር የተመሰጠረ ከሆነ 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁልፍ በወረቀት ተገልብጦ መያዝ አለበት፤ የማስነሻው ሁኔታ ሲለወጥ ዊንዶውስ ሊጠይቀው ይችላልና። ፋስት ስታርትአፕ የተባለውም ይጥፋ፤ ካልጠፋ ዊንዶውስ በትክክል ስለማይዘጋ ሊኑክስ ክፋዩን ለንባብ ብቻ ይከፍተዋል ወይም ከነአካቴው አይከፍተውም።

መብራት ግን ተለይቶ መነሣት አለበት። ክፋይ ሲጠብ ፋይሎች ከቦታ ወደ ቦታ ይዛወራሉ፤ በዚህ መካከል ኃይል መቋረጥ የፋይሎቹን ማውጫ ሊያበላሸው ይችላል። ባትሪው የሞተ፣ በቻርጀር ብቻ የሚሠራ ላፕቶፕ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለዚህ ሥራ አይመችም። ባትሪው በሚሠራ መሣሪያ፣ መቶ በመቶ ከሞላ በኋላ፣ መጠባበቂያ ቅጂው ከላፕቶፑ ውጭ በሌላ ዲስክ ላይ ተቀምጦ መጀመር ይገባል። ቅጂው መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ መታየት አለበት።

የኡቡንቱና የሚንት ፍላሽ ሳይጫን ስርዓቱን ለመሞከር ያስችላል። ብዙ ጊዜ ይህ የሚመከረው ዋይፋይና ድምፅ መሥራታቸውን ለማየት ነው፤ ተገቢ ነው። የተሻለው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፦ ተጠቃሚው የራሱን ሰነዶች፣ ፎቶግራፎችና ድምፆች በአዲሱ ስርዓት ከፍቶ ማየት ይችላል። ከላይ የተነገረው የፎንት ችግር በሙሉ በዚህች የሙከራ ሰዓት ይጋለጣል፤ ዲስኩ ላይ ገና አንድ ፊደል ሳይነካ።

አራት ቋንቋ በአንድ ቁልፍ ሰሌዳ

በሐረሪ ክልል የሥራ ቋንቋዎች ሐረሪና አፋን ኦሮሞ ናቸው፤ አማርኛ በገበያና በትምህርት ቤት በሰፊው ይነገራል፤ የጥንት የእጅ ጽሑፎቹ አብዛኞቹ በዓረብኛ ናቸው። ሐረሪ ራሱ፣ ባለቤቶቹ ጌይ ሲናን የሚሉት፣ በቀደመው ዘመን በዓረብኛ ፊደል ይጻፍ የነበረ ሲሆን ዛሬ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል። ስለዚህ የምሳሌው ተማሪ በአንድ ቀን ውስጥ በሦስት ፊደል ይሠራል፦ ማሟያውን በግዕዝ፣ የኦሮምኛ ደብዳቤውን በቁቤ፣ የእጅ ጽሑፎቹን ርእስ ከቀኝ ወደ ግራ በዓረብኛ።

መጫኛው ግን የሚጠይቀው አንድ ቋንቋና አንድ የቁልፍ ሰሌዳ ነው። ጀማሪው በዝርዝሩ ውስጥ «አማርኛ» የሚለውን አይቶ ደስ ብሎት ይመርጣል። እዚህ ሁለት ነገሮች ይጋጫሉ። በመጫኛው የሚቀርበው የአማርኛ ሰሌዳ ለእያንዳንዱ ቁልፍ አንድ የተወሰነ ምልክት የሚሰጥ ነው፤ ተነባቢና አናባቢ አጣምሮ «ለ»ን «ሉ»፣ «ሊ»፣ «ላ» የሚያደርግ አይደለም። በሌላ በኩል የተጠቃሚው መግቢያ ስም በላቲን ትንንሽ ፊደላት መሆን አለበት፤ የይለፍ ቃሉም ሲተየብ ነጥቦች ብቻ ስለሚታዩ በየትኛው ሰሌዳ እንደተጻፈ ዓይን አይለይም። ስርዓቱ ተጭኖ ሲነሣ የይለፍ ቃሉ «ትክክል አይደለም» ይባላል፤ ባለቤቱም ከራሱ ኮምፒውተር ደጅ ይቀራል። ስለዚህ በመጫኛው ላይ የእንግሊዝኛ ሰሌዳ መምረጥ፣ የይለፍ ቃሉን በእርሱ ማኖር፣ ሌሎቹን ቋንቋዎች ከተጫነ በኋላ መጨመር ትክክለኛው ቅደም ተከተል ነው።

አማርኛ በእውነት የሚጻፈው አይባስ በተባለው የግቤት ዘዴ በኩል ነው። በእርሱ ውስጥ የሚገኘው የአማርኛ አማራጭ ሴራ ይባላል፤ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያዘጋጁት፣ የግዕዝን ፊደል በላቲን ፊደላት የመወከል ሥርዓት ነው። ተጠቃሚው ተነባቢውን ቀጥሎም አናባቢውን ይመታል፤ ፊደሉ በቦታው ይለወጣል። ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል የተለያየ ድምፅ ስለሚወክሉ በፓወር ግዕዝ የለመደ እጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይሳሳታል። ኪማን የተባለውም ለሊኑክስ ተዘጋጅቷል፤ በስልኩ ወይም በዊንዶውስ ላይ ኪማንን ለለመደ ሰው ያንኑ የጣት ልማድ ይዞ ለመሻገር ይጠቅማል። ዓረብኛው እንደ ተራ ሰሌዳ ይጨመራል። በቋንቋዎቹ መካከል የሚዞረው የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከስፔስ ጋር በመጫን ነው።

ለቁቤ የተለየ ሰሌዳ አያስፈልግም፤ ጥንቃቄ የሚሻው ሁደሃ የሚባለው ምልክት ነው። የጽሑፍ ፕሮግራሙ ቀጥ ያለውን ጭረት በራሱ ወደ ጎበጠ የጥቅስ ምልክት ሊለውጠው ይችላል፤ ያኔ አንዱ ቃል በሁለት ዓይነት ይጻፍና ፍለጋ ግማሹን ብቻ ያገኛል። ራስ ሰር ማረሚያው ውስጥ ይህን ማጥፋት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሳይጠፋ የተጻፈ መቶ ገጽ ግን ማቃናት አድካሚ ነው።

በነገራችን ላይ አማርኛና ሊኑክስ የተገናኙት በተመራማሪዎች ጠረጴዛ ብቻ አይደለም። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ የተባለው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2008 ለኢትዮጵያ ሕፃናት ያደላቸው ኤክስኦ ላፕቶፖች የሚሠሩት በፌዶራ ላይ በተመሠረተ ሊኑክስ ነበር። እነዚያ ልጆች ስርዓተ ክወና መጫን አላስፈለጋቸውም፤ ሌላ ሰው ጭኖላቸዋል። ቋንቋና ፊደል አስቀድሞ ሲታሰብበት ተጠቃሚው ስለ ስርዓቱ ስም እንኳ ሳይጨነቅ ሊሠራበት እንደሚችል ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ቀንና ሰዓት

ቋንቋው አማርኛ፣ አገሩ ኢትዮጵያ ተብሎ ሲመረጥ የስርዓቱ መግለጫ የወራትን ስም በግዕዝ ፊደል ያወጣል፤ ወራቱ ግን የጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። ነሐሴን የሚጠብቅ ሰው «ኦገስት»ን ያገኛል። ይህ ስሕተት ሳይሆን የቋንቋ ምርጫ የቀን አቆጣጠርን እንደማያስከትል የሚያሳይ ነው፤ የመስክ ማስታወሻውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚመዘግብ ተመራማሪ የፋይል ስሞቹን በእጁ መሰየም ይኖርበታል።

የሰዓቱ ጉዳይ ይበልጥ ያሳስባል። ሊኑክስ በኮምፒውተሩ የውስጥ ሰዓት ላይ የሚያኖረው ዓለም አቀፉን ሰዓት ነው፤ ዊንዶውስ ግን ያንኑ እንደ አካባቢ ሰዓት ያነባል። ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ሰዓት ስለምትቀድም፣ ሁለቱ ስርዓቶች በአንድ ላፕቶፕ ሲኖሩ ዊንዶውሱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ሊታይ ይችላል፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ «ከጠዋቱ 5 ሰዓት» ይላል። በሀገራችንና በፈረንጆቹ አቆጣጠር መካከል ያለውን የ6 ሰዓት ልዩነት የለመደ ዓይን ይህን የ3 ሰዓት መዛነፍ ቶሎ አያስተውለውም። ጉዳቱ የሚታየው ተማሪው ጠዋት በሊኑክስ ያረመውን፣ ከቀትር በኋላም በዊንዶውስ ያሻሻለውን ምዕራፍ ሁለት ቅጂ ሲያነጻጽር ነው፤ በኋላ የተጻፈው ቀድሞ የተጻፈ መስሎ ይታያልና አዲሱን ጥሎ አሮጌውን ያስቀራል። ሁለቱን ስርዓቶች ጎን ለጎን የሚያኖር ሰው በመጀመሪያው ቀን ሊኑክስ የውስጡን ሰዓት በአካባቢ አቆጣጠር እንዲይዝ በአንዲት ትእዛዝ ማስተካከል ይችላል፤ እስኪያስተካክል ድረስ ግን የትኛው ቅጂ አዲስ እንደሆነ ከፋይሉ ሰዓት ሳይሆን ከውስጡ ጽሑፍ ይለይ።